ሰማዩ ጠርቶ ባሕሩ ሲከፋ፦ የጅቡቲ ጠረፍ የአየር ትንበያ እንዴት ይነበባል?

ደጋ ያደገ ሰው "ዛሬ አየሩ ከፍቷል" ሲባል ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ደመናው ከጠቆረ ልብስ ከማስጫው ይሰበሰባል፣ ጃንጥላ ይያዛል። ሰማዩ ጥርት ካለ ደግሞ ቀኑ ሰላም ነው። ይህ ልማድ አዲስ አበባ ላይ ይሠራል፤ ጅቡቲ ላይ ግን ሰው ያስገድላል። በዚያ ጠረፍ ጀልባ የሚገለብጠው፣ አውሮፕላን ጭነቱን እንዲያራግፍ የሚያስገድደው፣ ሹፌርን በጋቢናው ውስጥ ራሱን የሚያስተው አየር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አንዲት ደመና በሌለችበት ቀን ነው። ስልኩ የፀሐይ ሥዕልና "41 ዲግሪ" ብቻ ያሳያል። ስልኩ አልዋሸም፤ የሚያስፈልገውን ግን አልተናገረም።

ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከአሥር እጅ ዘጠኙ በላይ የሚያልፈው በዚህ በር ነው። ጫኝ፣ አውራጅ፣ ሹፌር፣ ረዳት፣ መርከበኛ፣ የአየር መንገድ ሠራተኛና ባሕር ተሻግሮ እንጀራ ፍለጋ የሚሄደው ወጣት፣ ሁሉም በአንድ ነፋስ ሥር ናቸው። ስለዚህ ለአብራሪዎችና ለመርከበኞች ተብሎ የሚወጣው ትንበያ ምን እንደሚል ማወቅ ለእነሱ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

የዚህ ጠረፍ ትንበያ በአንድ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፦ ነፋሱ ዛሬ ከየት ነው? ከባሕር ነው ወይስ ከምድር? ሙቀቱ፣ እርጥበቱ፣ አቧራው፣ የሞገዱ ቁመት፣ አውሮፕላኑ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚነሣ፣ ሁሉም ከዚህ መልስ ይከተላሉ። በሚቲዮሮሎጂ ቋንቋ ነፋስ የሚጠራው በመጣበት አቅጣጫ ነው። "የምዕራብ ነፋስ" ማለት ከምዕራብ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ስለሚያነበው ከሁሉ በፊት ልብ ይባል።

ሁለት ወቅት፣ ሁለት ጌታ

ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ጌታው ባሕሩ ነው። በእስያ ምድር ላይ ብርዱ ሲጠና ከባድ አየር ይረጋል፤ ከዚያ የሚፈሰው አየር በዓረብ ባሕር ላይ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ሲገባ በየመንና በሶማሌ ምድር መካከል ስለሚመራ የምሥራቅ ነፋስ ይሆናል። ጅቡቲ ከተማ በዚህ ወቅት መካከል በቀን 28 እና 29 ዲግሪ አካባቢ ትውላለች፤ ለከተማዋ ይህ ደግ ጊዜ ነው። ያቺ ትንሽ የጠረፍ ዝናብም ብዙውን ጊዜ የምትመጣው ያኔ ነው።

ያው ደግ ነፋስ ግን ባብ ኤል መንደብ ሲደርስ ጠባዩ ይለወጣል። መተላለፊያው በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በግራና በቀኝ ከፍ ያለ ምድር አለው። በሁለት ረጃጅም ቤቶች መካከል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነፋስ እንደሚያፏጭ ሁሉ፣ እዚህም ሰፊው የኤደን አየር በጠባብ በር ሲገፋ ይፈጥናል፤ አቅጣጫውንም አጥፎ ከደቡብ ደቡብ ምሥራቅ ወደ ቀይ ባሕር ይገባል። ጅቡቲ ከተማ ላይ 12 ኖት የሆነው ነፋስ መተላለፊያው ላይ 25 እና 30 ኖት መሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም። (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው።) ስለዚህ ከተማው ላይ ቆሞ "ዛሬ ነፋሱ ቀላል ነው" ማለት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ስላለው ውኃ ምንም አይነግርም።

ከሰኔ እስከ መስከረም ጌታው ምድሩ ይሆናል። በዓረቢያና በደቡብ እስያ ምድር ላይ ሙቀቱ አየሩን ያሳሳዋል፤ ነፋሱ ዞሮ ከደቡብ ምዕራብና ከምዕራብ ይመጣል። ጅቡቲ ላይ የደረሰው አየር ከከፍታው ምድር ወደ ዝቅታው የወረደ ነው፤ ደረቅ አየር ደግሞ በየ100 ሜትሩ በወረደ ቁጥር 1 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። 2,000 ሜትር ላይ 22 ዲግሪ የነበረ አየር ባሕር ጠርዝ ሲደርስ 42 ይሆናል ማለት ነው። እኛ ክረምት ብለን ጋቢ ስንደርብ፣ ከእኛው አቅጣጫ የሚሄደው አየር ለጠረፉ እሳት ሆኖ ይደርሳል። ሰዎቹ ኻምሲን ይሉታል። ደረቅ ነው፣ አቧራና አሸዋ ያነሣል።

ባሕሩ ግን በዚህም ወቅት እጁን አይሰጥም። ፀሐይ ምድሩን ስታግል ቀዝቀዝ ያለው የባሕር አየር ወደ ውስጥ ለመግባት ይገፋል። ስለዚህ በሐምሌ አንድ ቀን ላይ ሁለት ነፋሶች ይታገላሉ። ባሕሩ ካሸነፈ 37 ዲግሪ ከከባድ እርጥበት ጋር ነው፤ ምድሩ ካሸነፈ 43 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ከአቧራ ጋር ነው። አንዳንድ ቀን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። ጥሩ ትንበያ የሚለየው የዚህን መዞር ሰዓት በመናገሩ ነው።

ወደ ምሥራቅ፣ በርበራ አካባቢ፣ የዚህ ወቅት ነፋስ ኸሪፍ ይባላል፤ ሰዓቱም የተለየ ነው። ሌሊት ተነሥቶ ወደ ንጋት ይበረታል፣ እስከ ቀትር ገደማ ያስቸግርና ከሰዓት በኋላ ይበርዳል። "ባሕር በጧት ነው የሚሻለው" የሚለው የብዙ ጠረፍ ምክር እዚያ አይሠራም።

43 ዲግሪ ከ37 ይሻላል?

ይህ ጥያቄ ሲነሣ ብዙዎች ቀልድ ይመስላቸዋል። መልሱ ግን በአብዛኛው "አዎ፣ ለሰውነት ይሻላል" ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ ሕይወት ያተርፋል።

ሰውነት ሙቀቱን የሚያወጣው በላብ ነው። ላቡ ሲተን ያቀዘቅዛል፤ አየሩ ውኃ ጠግቦ ከሆነ ግን ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ትንበያ ላይ ከሙቀቱ ጎን የሚጻፈው ሁለተኛ ቁጥር የጤዛ ነጥብ ይባላል፤ አየሩ ምን ያህል ቀዝቅዞ ጤዛ እንደሚጥል ይናገራል። በቀላሉ ሲታይ፣ ይህ ቁጥር ከ24 በላይ ከሆነ አየሩ ይከብዳል፤ 28 ላይ ሥራ ራሱ አደጋ ነው።

ሁለቱን ቀኖች እናስላ። 43 ዲግሪ ሙቀትና 8 የጤዛ ነጥብ ባለበት የኻምሲን ቀን፣ እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት ቴርሞሜትር ወደ 21 ይወርዳል። ማለትም ላብ እስካለ ድረስ ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ይችላል። 36 ዲግሪና 28 የጤዛ ነጥብ ባለበት የባሕር አየር ቀን ደግሞ ያው ቴርሞሜትር ከ30 አይወርድም። ከቆዳችን ሙቀት ጋር ያለው ልዩነት አምስት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ሰውነት ሙቀቱን የሚጥልበት ቦታ ያጣል።

በመጀመሪያው ቀን የሚገድለው ጥማት ነው። ላቡ ቶሎ ስለሚተን ቆዳው ደረቅ ነው፤ ሰው ማላቡን እንኳ አያውቅም፤ ሳይሰማው ውኃና ጨው ይጨርሳል። ስለዚህ ጥማት ሳይመጣ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ መጠጣት፣ ምግብ ላይም ጨው አለመከልከል ያስፈልጋል። በሁለተኛው ቀን ውኃ መጠጣት ብቻውን አያድንም፤ ሥራውን መቀነስ፣ ጥላ መፈለግ፣ ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ መሆን ግድ ነው። ተራ እየጠበቀ ጋቢና ውስጥ የሚተኛ ሹፌር መስኮት ዘግቶ መተኛት የለበትም፤ በፀሐይ የቆመ የተዘጋ ጋቢና ከውጭው አየር በብዙ ዲግሪ ይበልጣል። አንድ ሰው ቃላቱ ከተምታቱ፣ አካሄዱ ከተንገዳገደ፣ "ደክሞት ነው" ተብሎ አይታለፍ። ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገብቶ መላ አካሉን በውኃ ማራስና ማራገብ፣ እርዳታም መጥራት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ በአፉ አይሰጥም።

የአውሮፕላን ማረፊያው ወረቀት

የጅቡቲ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ እንደ ማንኛውም ዓለም አቀፍ ማረፊያ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ያወጣል። ሜታር አሁን ያለውን አየር የሚናገር ነው፤ ታፍ የሚመጣውን የሚተነብይ ነው። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ፤ ችግሩ ምስጢር መምሰላቸው ብቻ ነው። ለማስረዳት ያህል እኛ ያዘጋጀነውን አንድ የሐምሌ ሜታር እንፍታ፦

ኤችዲኤኤም 120900ዜድ 27024ጂ36ኬቲ 3000 ቢኤልዲዩ 43/08 ኪው1001

የመጀመሪያው ቃል የማረፊያው መለያ ነው። 120900ዜድ ማለት ወሩ በገባ በ12ኛው ቀን፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት 9:00 ነው። ወሩ የፈረንጅ ወር ነው፤ ሰዓቱ የግሪንዊች ነው። እዚህ ላይ ሐበሻ በሁለት በኩል ይሳሳታል፦ ጅቡቲና ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማሉ፣ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ በ6 ይለያል። ማሰቢያው ግን ቀላል ነው። ቀን ላይ ከዜድ ሰዓት 3 ሲቀነስ በቀጥታ የሐበሻ ሰዓት ይሆናል። 9 ሲቀነስ 3፣ ከቀኑ 6 ሰዓት። ከ16 ዜድ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ዜድ ያለው ምሽትና ሌሊት ስለሆነ 15 ይቀነሳል፤ 18 ዜድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው።

27024ጂ36ኬቲ ነፋሱ ነው፦ ከ270 ዲግሪ፣ ማለትም ከቀጥታ ምዕራብ፣ በ24 ኖት፣ ድንገት እየበረታ 36 የሚደርስ። ይህ "ጂ" የምትባለው ፊደል ብዙ ጊዜ ትዘለላለች፤ መዘለል የለባትም። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው የሚያድገው። ከ24 ወደ 36 ሲዘል ፍጥነቱ በግማሽ ብቻ ጨመረ፤ ግፊቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። 3000 የእይታ ርቀት በሜትር ነው፤ ቢኤልዲዩ ምክንያቱን ይነግራል፣ በነፋስ የተነሣ አቧራ። 43/08 ሙቀትና የጤዛ ነጥብ ነው፤ እነዚያን ሁለት ቁጥሮች ከላይ አስልተናቸዋል። ኪው1001 የአየር ግፊት ነው።

አሁን አብራሪው ይህን እንዴት ያነበዋል? የአምቡሊ መንደርደሪያ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው፤ ጫፎቹ 09 እና 27 ይባላሉ። ነፋሱ ከ270 ከሆነ በ27 በኩል ፊት ለፊት ይቀበለዋል፤ ይህ ጥሩ ነው። ሙቀቱ ግን መጥፎ ነው። 43 ዲግሪና 1001 ግፊት ላይ ያለ አየር ከመደበኛው የባሕር ወለል አየር 10 በመቶ ገደማ ይቀልላል። ክንፉ የሚይዘው፣ ሞተሩ የሚውጠው አየር አነሰ ማለት ነው። አውሮፕላኑ ባሕር ጠርዝ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ለክንፉ ግን 1,150 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የድሬዳዋ ማረፊያ ያለበት ከፍታ በሉት። ብዙ የጄት ሞተሮች ደግሞ ሙሉ ጉልበታቸውን የሚሰጡት የውጩ አየር 30 ዲግሪ አካባቢ እስኪሆን ነው፤ ከዚያ በላይ እንዳይጋሉ ጉልበታቸው ይቀነሳል። ውጤቱ ረጅም መንደርደር፣ ዝግ ያለ አወጣጥ ነው። የአምቡሊ መንደርደሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ረጅም ጉዞ የሚሄድና ነዳጅ የሞላ አውሮፕላን ግን ጭነት ይቀንሳል ወይም ሌሊት እስኪበርድ ይጠብቃል። "ሰማዩ ጠርቶ ለምን ዘገየ?" ለሚለው መንገደኛ መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ቀጥሎ ታፉ "ቤካሚንግ 1211/1213 08014ኬቲ" ብሎ ጽፏል እንበል። በ12ኛው ቀን ከ11 እስከ 13 ዜድ፣ ማለትም ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ነፋሱ ቀስ በቀስ ተለውጦ ከምሥራቅ በ14 ኖት ይሆናል ነው። ባሕሩ አሸነፈ ማለት ነው። በ27 ሊያርፍ የነበረ አውሮፕላን 14 ኖት ያህል ከኋላው ይገፋዋል፤ ለብዙ ጄቶች የተፈቀደው ከኋላ የሚመጣ ነፋስ 10 ኖት ነው። ስለዚህ መንደርደሪያው ተገልብጦ በ09 በኩል ይሆናል። አደገኛው መካከሉ ነው። አውሮፕላኑ ሲወርድ ላይኛው አየር ገና የምዕራብ፣ ታችኛው የምሥራቅ ከሆነ፣ ፊት ለፊት የነበረው ነፋስ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከኋላ ይሆናል፤ በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ፍጥነት በድንገት ይወርዳል። አብራሪዎች ይህን የነፋስ መቆራረጥ ስለሚፈሩት ነው በዚያ ሰዓት ተጨማሪ ነዳጅ ይዘው፣ ካልተመቻቸው ተነሥተው ለመዞር ተዘጋጅተው የሚመጡት።

ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ወቅት ደግሞ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ሲያጋድል ከጎን ይመታል። ማስሊያው እንዲህ ነው፦ ነፋሱ ከመንደርደሪያው መስመር በ30 ዲግሪ ካፈነገጠ ግማሹ፣ በ45 ካፈነገጠ ከአሥር ሰባቱ፣ በ60 ካፈነገጠ ከአሥር ዘጠኙ ገደማ የጎን ነፋስ ነው። ከ030 በ20 ኖት የሚመጣ ነፋስ በ09 ለሚያርፍ 17 ኖት ከጎኑ ይገፋዋል። ለትልቅ ጄት ምንም አይደለም፤ ለትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ግን ከአቅሙ በላይ ሊሆን ይችላል።

ሌሎቹን ቃላት በአጭሩ፦ "ቴምፖ" ጊዜያዊ ለውጥ ነው፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ፤ "ፕሮብ 30" ዕድሉ ከመቶ 30 ነው። "ካቮኬ" ደግሞ የእይታ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትርና በላይ ነው፣ ከ5,000 ጫማ በታች ደመና የለም፣ የነጎድጓድ ደመናም የለም ማለት ነው። ሰው "ካቮኬ" ሲያይ ሁሉ ሰላም ይመስለዋል። ቃሉ ግን ስለ ነፋስ አንድም አይልም። ነፋሱ 35 ኖት ሆኖ ሜታሩ ካቮኬ ሊል ይችላል። አውሮፕላን አይቶ ባሕር የሚወርድ ሰው በዚህ ቃል እንዳይታለል።

ውኃው ላይ

ያው የ24 ኖት ምዕራብ ነፋስ ባሕር ዳር ምን ይመስላል? ይህ ቦታ ብዙ ሰው የሞተበት ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ነፋሱ ከምድር ወደ ባሕር ስለሚነፍስ አሸዋው ላይ ለቆመ ሰው ውኃው ጠፍጣፋ ነው። ሞገድ ለመነሣት ነፋሱ የሚሮጥበት የውኃ ርዝመት ይፈልጋል። በ25 ኖት ነፋስ ከጠረፉ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ሞገዱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 10 ኪሎ ሜትር ላይ 85 ሳንቲ ሜትር፤ 55 ኪሎ ሜትር ላይ 1.7 ሜትር። ስለዚህ ከጅቡቲ የጠረፍ ከተሞች ከኦቦክ ወይም ከታጁራ ሲነሡ ባሕሩ የተኛ ይመስላል፤ በሄዱ ቁጥር ይነቃል። ለመመለስ ሲዞሩ ደግሞ ሞገዱም ነፋሱም ፊት ለፊት ይሆናሉ፤ ሲሄዱ ግማሽ ሰዓት የፈጀው መንገድ ሲመለሱ ከእጥፍ በላይ ቤንዚን ይጠጣል። ሞተር ከጠፋ ነፋሱ ጀልባውን የሚወስደው ወደ ጠረፍ ሳይሆን ወደ ጥልቁ ነው። ከምድር የሚነፍስ ነፋስ ባለበት ቀን ሁለተኛ ሞተር ወይም ቢያንስ መልሕቅና ረጅም ገመድ ሳይዙ መውጣት አይገባም። መልሕቅ ጥልቅ ውኃ ላይ ከታች አይደርስም፤ ስለዚህ ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው መጣል ነው፣ በነፋሱ እየተነዱ "አሁን ይነሣል" እያሉ ጊዜ ማባከን አይደለም።

የባሕር ትንበያ "ሞገድ 1.5 ሜትር" ሲል፣ ከሞገዶቹ መካከል የትልልቆቹን ሢሶ አማካይ ቁመት ነው የሚናገረው። ጥቂት ሰዓት ለቆየ ሰው አንዱ ሞገድ እጥፍ ገደማ፣ 3 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ትንበያው ከፍተኛውን የተናገረ እየመሰላቸው የሚወጡ ብዙዎች ናቸው።

ከቁመቱ ጎን ያለው ሰከንድም መነበብ አለበት። ይህ ከአንድ ሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ ያለው ጊዜ ነው። 1.5 ሜትር በ10 ሰከንድ ከሆነ በሁለቱ ጫፎች መካከል 150 ሜትር ያህል ርቀት አለ፤ ጀልባ እንደ ኮረብታ ወጥታ ትወርደዋለች። 1.5 ሜትር በ5 ሰከንድ ከሆነ ርቀቱ 40 ሜትር ብቻ ነው፤ ቁልቁል የቆመ ግድግዳ ይሆናል፣ አፍንጫዋን ከአንዱ ሳታወጣ ሌላው ይመታታል። በባብ ኤል መንደብ በነፋስ የሚነሣው ሞገድ የዚህ ሁለተኛው ዘር ነው፣ አጭርና ቁልቁል።

ላዩ ላይ የባሕሩ ፍሰት ይጨመራል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ወቅት የላይኛው ውኃ ከኤደን ወደ ቀይ ባሕር ይገባል፣ ከነፋሱ ጋር። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ላይኛው ውኃ ከቀይ ባሕር ይወጣል። የባሕር ከፍታና ዝቅታ ግን በየቀኑ ፍሰቱን ያዞራል። ፍሰቱ ከነፋሱ ጋር ሲሄድ ሞገዱ ይለዝባል፤ ተዞሮ ፊት ለፊት ሲገጥመው በዚያው ነፋስ፣ በዚያው ቦታ፣ ሞገዱ ቆሞ ይሰበራል። ጧት ያለፈ ጀልባ ከሰዓት የማያልፈው ለዚህ ነው፤ ነፋሱ አንድም ሳይጨምር።

ከዚህ ጋር ሰው እስከ አፍ ገደፉ የሞላባትን ጀልባ እናስብ። ብዙ ጭነት ማለት ከውኃው በላይ የሚቀረው የጀልባዋ ጎን አንድ ክንድ እንኳ አይሆንም ማለት ነው። አንድ ሞገድ ሲገባ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ደረቁ ጎን ይሸሻል፤ ክብደቱ ወደ ላይና ወደ አንድ ጎን ስለሚሄድ የሚገለብጣት ያ መነሣት ነው። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ አጋማሽ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ከየመን ወደ ጅቡቲ የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን የነበሩባቸው ሁለት ጀልባዎች በኦቦክ ክልል ጎዶሪያ አካባቢ ተገልብጠው በብዙ አሥሮች የሚቆጠሩ ወገኖች አልቀዋል። ደላላ "ባሕሩ ዛሬ ጸጥ ብሏል" ሲል የሚያሳየው ጠረፉን ነው። ጠረፉ ላይ ያለ ውኃ መተላለፊያው ላይ ያለውን አይመሰክርም። ልጁ ወይም እህቱ በዚያ መንገድ ለመሄድ የቆረጡበት ሰው ይህን አንድ ነገር ቢነግርልን እንወዳለን።

ለመርከቦች የሚወጣው ማስጠንቀቂያ በክልል የተከፋፈለ ነው። ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ በ9ኛው ክልል ውስጥ ናቸው፤ አስተባባሪዋ ፓኪስታን ናት። ጽሑፉ በማስጠንቀቂያ ይጀምራል፤ "ማስጠንቀቂያ የለም" ካለ 34 ኖት የሚደርስ ነፋስ አይጠበቅም ማለት ነው። ይህ ልኬት የተሠራው ለመርከብ ነው። 30 ኖት ለኮንቴይነር መርከብ ተራ ቀን ነው፣ ለ8 ሜትር ጀልባ ግን መቃብር። ስለዚህ ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው ከማስጠንቀቂያው አልፎ የነፋሱን ቁጥር ማንበብ አለበት፤ ከ17 ኖት ጀምሮ ማመንታት፣ ከ22 በላይ መቅረት ነው።

ወደቡ ላይ ደግሞ ገደቡ ሌላ ነው። የኮንቴይነር ክሬኖች አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ማለትም 39 ኖት ላይ ሥራ ያቆማሉ። የእኛን ምሳሌ 36 ኖት ካስታወስን፣ ልዩነቱ ሦስት ኖት ብቻ ነው። ከመሬት 40 ሜትር ከፍታ ላይ ነፋሱ ከታቹ ስለሚበልጥ ክሬኑ ሜታሩ ከሚለው ቀድሞ ይቆማል። መርከቧን ወደ ውስጥ የሚመራው ፓይለትም በገመድ መሰላል ስለሚወጣ ሞገዱ 2 ሜትር ሲደርስ ይቸገራል። መርከብ ውጭ ቆማ "ለምን አትገባም" ሲባል፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

አውሎ ነፋስ ሲመጣ

በዓረብ ባሕር የሚነሡ አውሎ ነፋሶች ወቅታቸው ሁለት ነው፦ ከግንቦት እስከ ሰኔ መጀመሪያ፣ ከዚያም ከጥቅምት እስከ ኅዳር። በመካከሉ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ የላይኛውና የታችኛው ነፋስ በተለያየ አቅጣጫ ስለሚበረታ አውሎ ነፋሱን ገና ሲጸነስ ይበትነዋል። ስም የሚያወጣላቸውና መንገዳቸውን የሚተነብየው ኒው ዴልሂ ያለው የሕንድ ሚቲዮሮሎጂ ማዕከል ነው።

አብዛኞቹ ወደ ኦማንና ወደ የመን ያደላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ወደ እኛ ይመጣሉ። ጋቲ የተባለው ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ፑንትላንድ ላይ ሲደርስ በሶማሊያ ጠረፍ ከተመዘገቡት ሁሉ ብርቱው ነበር። ሳጋር ደግሞ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ እስከ ውስጥ ዘልቆ ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በሶማሌላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ለጅቡቲ ድንበር ቅርብ በሆነ ቦታ ምድር ነካ፤ በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ እስከዚያ ድረስ ወደ ምዕራብ ዘልቆ ምድር የነካ አልተመዘገበም ነበር። ጅቡቲ ከተማን ጎርፍ ዋጣት፤ ዝናቡም ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ገባ።

የትንበያው ካርታ የሚያሳየው እየሰፋ የሚሄድ ቅርጽ የአውሎ ነፋሱ ማዕከል የት የት ሊሄድ እንደሚችል ብቻ ነው፤ ጉዳቱ የሚደርስበትን ቦታ አያመለክትም። ከቅርጹ ውጭ ሆኖ በጎርፍ መወሰድ ይቻላል። ጅቡቲ ከተማ በዓመት ሙሉ የምታገኘው ዝናብ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱም፣ ቱቦውም፣ በከተማዋ በኩል የሚያልፈው የአምቡሊ ደረቅ ወንዝም ለዚያ የለመዱ ናቸው። የዓመቱ ውኃ በአንድ ቀን ሲወርድ መሬቱ ድንጋይና ደረቅ ጨው ስለሆነ አይመጠውም፤ ሁሉም ይፈስሳል።

በጋላፊም ሆነ በደወሌ መስመር የሚያሽከረክር ሰው ማየት ያለበት ከባሕሩ ይልቅ በተራራው በኩል ያለውን ዝናብ ነው። ደረቅ ወንዝ የሚሞላው እሱ በቆመበት ቦታ በዘነበ ዝናብ አይደለም፤ ከተራራው በኩል፣ ሰዓታት ቀድሞ በወረደው ነው። ያኔም ከራሱ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። በዚያ በረሃ ዛፍ የሚበቅለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ስለሆነ ጥላ የሚገኘውም እዚያ ነው፤ ሹፌሮች መኪናቸውን አስጠግተው የሚያርፉትም ከዛፉ ሥር ነው። አውሎ ነፋስ በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ባለበት ሳምንት ግን መኪናው ፀሐይ ላይ፣ ከወንዙ አፋፍ በላይ ይቁም።